ካናቢስና የካንሰር ሕመምተኛ፦ ከላሊበላ ዋሻ እስከ ሰቆጣ

እ.ኤ.አ. በ1975 ሁለት ጥናቶች ታተሙ። አንደኛው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ላሊበላ ዋሻ በተባለ ስፍራ (ከላስታው ላሊበላ ጋር እንዳይምታታ) በቁፋሮ በተገኙ፣ ዕድሜያቸው ወደ 14ኛው ክፍለ ዘመን በሚገመት የሸክላ ማጨሻዎች ላይ የካናቢስ ቅሪት መገኘቱን ገለጸ። በሁለተኛው የቦስተን ሐኪሞች፣ የዕፁ ንጥረ ነገር ቲ.ኤች.ሲ. በኬሞቴራፒ የሚመጣውን ማቅለሽለሽና ትውከት እንደሚቀንስ አሳዩ።

የሸክላዎቹ ምስክርነት ለማጨስ እንጂ ለመፈወስ አይደለም። የሐኪሞቹ ግኝት ግን ፍሬ አፍርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ድሮናቢኖልና ናቢሎን ለማስታገሻነት በአሜሪካ ተፈቀዱ። ካናቢስ ካንሰርን እንደሚያድን ግን በሰው ላይ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ዕፁን ከአራተኛው ሠንጠረዥ ቢያወጣውም በአንደኛው ቁጥጥር ሥር ነው፤ በአገራችንም የወንጀል ሕጉ ይቀጣል።

ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ ደጋ ሕመምተኛ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ሕክምናው ሲርቅ የዕፅ ተስፋ ይቀርባል። ስለዚህ ባለሙያው ሕመምተኛው ምን እንደሚወስድ ሳይነቅፍ ይጠይቅ፤ ለከባድ ሕመሙ ሞርፊን፣ ለትውከቱ ሜቶክሎፕራማይድ ወይም ኦንዳንሴትሮን እንዲያገኝ ይጣር። ስለ አማራጭ መነጋገር የሚገባው የተረጋገጠው መድኃኒት ሕመምተኛው ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው።