ጭሮ

ጭሮ (በሌላ ስሙ አሰበ ተፈሪ) በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በኦሮሚያ ክልል የሚገኝ ከተማ ሲሆን የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛል።

ስም

ጭሮ የቦታው የኦሮምኛ ስም ነው። አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም ደግሞ ለራስ ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለተባሉት፣ መታሰቢያ የተሰጠ ነው። በአሁኑ ጊዜ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚውለው ጭሮ ሲሆን፣ አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም ግን በተለይ በመንገደኞችና በቀድሞ ነዋሪዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል።

መልክዓ ምድር

ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጨርጨር ተራሮች መካከል ይገኛል። የጨርጨር ደጋ ውኃ ከፋይ ነው፤ በሰሜን በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ በደቡብ በኩል ያለው ደግሞ ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰስ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ተጓዥ ሞቃታማውን የአዋሽና የሚኤሶ ቆላ ካለፈ በኋላ ተራራውን ወጥቶ ጭሮ ይደርሳል። አካባቢው በበልግና በክረምት ዝናብ ያገኛል። በጨርጨር ደጋ የደጋ አጋዘን የሚጠበቅበት የኩኒ ሙክታር መጠለያ ይገኛል።

ታሪክ

የጨርጨር ነባር ነዋሪዎች የኢቱ ኦሮሞዎች ናቸው። የገዳ ሥርዓታቸው ማዕከል የሆነው ኦዳ ቡልቱም በዚሁ ዞን ውስጥ ይገኛል። የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ድል አድርጎ ሐረርን ከመያዙ በፊት በጨርጨር በኩል ተሻግሯል።

የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ደጋውን ትቶ በቆላው በኩል አለፈ። በዚህም ምክንያት ሚኤሶ የባቡር ጣቢያ ስትሆን የደጋው ነዋሪ ምርቱን ወደ ጣቢያ ለማድረስ ተራራውን መውረድ ነበረበት።

አሰበ ተፈሪ እንደ አስተዳደር ከተማ የተቆረቆረው በ1910ዎቹ አጋማሽ፣ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ጊዜ ነው። በሩስያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ሲሆኑ፣ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂም ነበሩ። ጨርጨር ለሌሎች ግዛቶች ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ግብሩ በተወሰነ መጠን እንዲከፈልና ሹማምንት ከገበሬው ጉልበት ይልቅ በደመወዝ እንዲያድሩ ተሞከረ። ከተማውም የዚህ አስተዳደር መቀመጫ ሆነ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ አሰበ ተፈሪ በሐረርጌ ጠቅላይ ግዛት ሥር የጨርጨር፣ አዳልና ጋራ ጉራቻ አውራጃ ዋና ከተማ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በተዘረጋው የፌደራል ሥርዓት የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ማዕከል ሆነ።

ኢኮኖሚ

የአካባቢው ገበሬ በዋናነት ማሽላ፣ በቆሎ፣ ቡናና ጫት ያመርታል። ቡናው ሳይታጠብ ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ጀንፈል ሲሆን፣ በዓለም ገበያ የሐረር ቡና በሚለው ስም ይሸጣል። የቡናው ገለባም አይጣልም፤ ከወተት ጋር ተፈልቶ ሆጃ ሆኖ ይጠጣል።

ባለፉት አሥርት ዓመታት ጫት የቡናን ቦታ በሰፊው ወስዷል። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፣ ድርቅንም ከቡና ይልቅ ይቋቋማል፤ ስለዚህ ማሳው ጠባብ ለሆነ ገበሬ ቶሎ ገንዘብ ያስገኛል። በሌላ በኩል ለእህል የሚውለው መሬት ስለሚቀንስ ቤተሰቡ በገበያ እህል ላይ የበለጠ ጥገኛ ይሆናል። ዝናብ ሲዛባና የእህል ዋጋ ሲንር ጉዳቱ የከፋ ነው። በዞኑ ብዙ ወረዳዎች በምግብ ዋስትና የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ታቅፈዋል።

ጭሮ የመንገደኞች ማረፊያም ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል የሚጓዙ ምዕመናን በከተማው ያልፋሉ።

ትምህርትና ሕዝብ

የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ በጭሮ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው ራሱን ከመቻሉ በፊት የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከ18 ሺህ በላይ የነበረው የከተማው ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ33 ሺህ አልፏል። ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የእስልምናና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና ተከታዮች ናቸው።

ሌሎች የዞኑ ከተሞች

ሚኤሶ፦ በቆላው የምትገኝ የባቡር ከተማ ናት። የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ግንባታ ለሁለት የቻይና ተቋራጮች ሲከፈል መገናኛቸው ሚኤሶ ነበረች። የኦሮሞና የሶማሌ አርብቶ አደሮች ግጦሽና ውኃ የሚጋሩባት በመሆኗ፣ የአካባቢው ቀበሌዎች ወደየትኛው ክልል ይካለሉ የሚለው በ1997 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ ነበር። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. በሁለቱ ክልሎች ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል።

አሰቦት፦ በአቅራቢያዋ ባለው ተራራ ላይ የደብረ ወገግ አሰቦት ሥላሴ ገዳም ይገኛል።

ሂርና፦ ከጭሮ በስተ ምሥራቅ በአውራ ጎዳናው ላይ የምትገኝ የቱሎ ወረዳ ከተማ ናት።

ገለምሶና በዴሳ፦ ከጭሮ በስተ ደቡብ ምዕራብ የሚገኙ የቡናና የጫት ገበያ ከተሞች ናቸው። ገለምሶ የሀብሮ ወረዳ ዋና ከተማ ነች።

መቻራ፦ የዳሮ ለቡ ወረዳ ከተማ ስትሆን የግብርና ምርምር ማዕከል አላት። በአቅራቢያዋ ያሉት የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ውስጥ የተፈጠሩ ዓምዶች ተመራማሪዎች የጥንቱን የአየር ንብረት ለማጥናት ይጠቀሙባቸዋል።