ጥበብ

የ«ጥበብ» ግሱ ግዕዝ ነው፤ «ጠበበ» ማለት ብልህ ሆነ፣ ዐዋቂ ሆነ ነው። በአማርኛ ሥዕሉም፣ ዜማውም፣ ሸማኔ በቀሚስ ጠርዝ የሚያወጣው ጌጥም ጥበብ ይባላል። እኔ ግን የቃሉን ሙሉ ትርጉም የማገኘው መተማ ቆላ፣ የእጣን ዛፍ ሥር ነው።

በበጋ ሠራተኛው ቅርፊቱን በስለት በስሱ ይልጣል፤ አጥልቆ ከቈረጠ ዛፉ ይጎዳል። ነጩ ሙጫ ሲደርቅ ይለቅመዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ያንኑ ቁስል ያድሰዋል። ይህ ቴክኖሎጂ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ። ቅዳሴውና የቡናው ሥርዓት ያለ እጣኑ ጢስ ምን ይመስሉ ነበር? የእጣኑ ተፈላጊነት ደግሞ ሳይንስን ወደ መተማ ደኖች ጠራ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ችግኙ አድጎ ዛፍ ባለመሆኑ የእጣን ዛፍ በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊመናመን እንደሚችል አስጠነቀቀ። ለመመናመኑ ተጠያቂው የሠራተኛው ስለት አለመሆኑንም አሳየ፤ ይህ ባለሙያውን ነፃ የሚያወጣ ትልቅ ፍርድ ነው። ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ሰደድ እሳትና ልቅ ግጦሽ ናቸው።

የመተማና የቋራ ወገኖቼ፣ ለችግኙ ከከብትና ከእሳት የተከለለ መሬት ስጡት።