«የቃቄ» የማን ስም ነው?

የቃቄ ውርድወት ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። እንዳለጌታ ከበደ «እምቢታ» ብሎ መጽሐፍ ጽፎባታል፤ ጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ የደረሰው ተውኔትም በ2000ዎቹ በብሔራዊ ቴአትር ታይቷል። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው «የቃቄ»ን የሴትዮዋ፣ «ውርድወት»ን የአባቷ ስም አድርጎ ይይዘዋል። የሺን፣ የዝናን፣ የኔነሽን ለለመደ ጆሮ አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሴትዮዋ ውርድወት ናት፤ ቃቄ አባቷ ነው። ከፊት ያለችው «የ» በቸሃም በሌሎቹ የሰባት ቤት ጉራጌ አነጋገሮችም እንደ አማርኛችን «የ» የማን መሆንን ታመለክታለች። «የቃቄዋ ውርድወት» እንደ ማለት ነው። እኛስ ብንሆን ሰፈር ውስጥ «የእገሌ ልጅ እገሊት» አይደል የምንለው? ልጅን አስቀድመን አባትን የምናስከትለው መዝገብ ላይ ስንደርስ ነው።

የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባላደከምኳችሁ። ውርድወት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች ሴት ናት። ሲነገር እንደቆየው፣ ሴቶችን አስከትላ በየጆካ ሸንጎ ፊት ቆመች፤ ቸሃን ጨምሮ ሰባት ቤቶች የሚዳኙበት የሽማግሎች ሸንጎ ነው። ባል በሚስቱ ላይ ሌላ እንዳይደርብ፣ ሴት የወደደችውን እንድታገባ፣ ካልሆነላትም እንድትፈታ ጠየቀች። ክርክሩ የከረረው አንቂት ላይ ነው። አንቂት ማለት ከባሏ የተለየች ሴት እሱ ካልለቀቃት ሌላ እንዳታገባ የሚያስር ወግ ነው። ወጥታም አልወጣችም ማለት ነው!

እንግዲህ ስሟን ልብ በሉት። ወጉ ሴቲቱን ጥላው ከሄደችው ባል ጋር አስሮ ሲያስቀምጥ፣ ስሟ ግን አንድ ቀን እንኳ ወደ ባል ቤት አልተሻገረም። ይህ የጉራጌ ብቻ አይደለም። እቴጌ ጣይቱም የምኒልክ ሚስት ሆነው ብጡል እንደተባሉ ነው የኖሩት። በዚያው ዘመን የእንግሊዝ ሴት ስታገባ በባሏ የቤተሰብ ስም ትጠራ ነበር። ለእኔ ግን ይህ የሚያኮራንን ያህል የሚያሳፍረንም ነገር ነው፤ ስሟን ለአባቷ ትተን እሷን ለባል ሰጥተናልና።

ወጉ ከውርድወት በኋላም ብዙ ዘመን ዘልቋል። በ1992 የወጣው የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሚስትም እንደ ባል ፍቺ መጠየቅ እንደምትችል ደንግጓል። እርግማን የሚፈራ ልብ ግን አዋጅ ቶሎ አይሰማም።

ስሟን አንዱ ውርድወት፣ ሌላው ወርድዎት እያለ ይጽፈዋል። «የቃቄ» ላይ ግን ሁሉም ይስማማል።