«ቁጥር 2» በቪዲዮ ቤት

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. እንደ አብነት ላሉ የአዲስ አበባ ሰፈሮች ሲኒማቸው ቪዲዮ ቤት ነበር፦ የጨለመ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥንና የካሴት ማጫወቻ። በዚያ ተከታታይ ፊልም «ቁጥር 2» ይባል ነበር፤ ከ«ቁጥር 1» ጋር መመዘኑም አይቀርለትም ነበር።

«ተርሚኔተር» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ጄምስ ካሜሮን በሠራው ፊልም ገዳይ ሮቦት የነበረው አርኖልድ ሽዋዚንገር፣ በ1991 በወጣው ቁጥር 2 የአንድ ልጅ ጠባቂ ሆኖ መጣ። ባላንጣው እንደ ቀለጠ ብረት ከወለል ላይ ፈስሶ ይነሳል፤ እንግሊዝኛ ለማይሰማ ተመልካችም ዓይን ብቻ ይበቃዋል። 4 ኦስካር ያገኘው ይህ ፊልም ከመጀመሪያው ይበልጣል እንጂ አያንስም። በ2003 ያለ ካሜሮን አዘጋጅነት የተሠራው ቁጥር 3 ግን ማሳደዱ ቢደምቅም የልጁንና የሮቦቱን ፍቅር አልተካም።

ቪሲዲና ዲቪዲ በየቤቱ ሲገቡ ቪዲዮ ቤቶቹ ተመናመኑ።