የስኳር ድንች ቡቃያና ያቈዩት ሰዎች ታሪክ

የአንድ ተክል ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠየቀው፥ ከየት አገር መጣ፤ ማን አመጣው፤ በየትኛው ዓመት ደረሰ የሚለው ነው። ለስንዴና ለገብስ ይህ ጥያቄ ይበቃ ይሆናል፤ እህል አንድ ጊዜ ከደረሰ በኋላ ዘሩ በጎተራ ወይም በጉድጓድ ይቀመጣልና። የስኳር ድንች ነገር ግን እንደዚህ አይደለም። ይህ ተክል ወደ አንድ አገር ከገባ በኋላ በየዓመቱ በሰው እጅ ካልታደሰ በቀር ይጠፋል። ስለዚህ የስኳር ድንች ታሪክ ካመጡት ሰዎች ይልቅ፥ ክፉውን ወቅት አሳልፈው ለሚቀጥለው ተከላ ያደረሱት ባለጓሮዎች ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስኳር ድንች፥ በሳይንስ ስሙ ኢፖሜያ ባታታስ፥ በመሬት ላይ የሚሳብ ሐረግ ነው። የትውልድ አገሩ ሞቃቱ የአሜሪካ ክፍል ነው። በአማርኛ ከድንች ጋራ በስም ቢገናኝም ወገኑ ሌላ ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያም «የወላይታ ድንች» ወይም «የኦሮሞ ድንች» ከሚባለው አገር በቀል ተክል ጋራ ዝምድና የለውም። በአንዳንድ ስፍራ ያብባል፥ ዘርም ይቋጥራል፤ ነገር ግን ከዘሩ የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። ገበሬው የወደደውን ዓይነት ሊያቈይ የሚችለው ከሕያው አካሉ ወስዶ በመትከል ብቻ ነው።

ለዚህም ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፥ ሐረጉ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ በሚኖርበት አገር፥ ከቆመው ተክል ላይ ቈርጦ መትከል ነው። ሁለተኛው፥ ብርድ ወይም ድርቅ ሐረጉን በሚያጠፋበት አገር፥ ሥሩን አስቀምጦ ጊዜው ሲደርስ በመደብ ላይ ማጐንቈልና ቡቃያውን እየነቀሉ ወደ ማሳ ማዛወር ነው። ሁለቱም ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። የተቈረጠ ሐረግ ከጥቂት ቀን በላይ አይቈይም፤ ሥሩም ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ብዙ ቀን ከሰነበተ ይበላሻል።

የምሥራቅ እስያ ታሪክ ይህን ነገር በግልጥ ያሳያል። እስፓንያውያን በ16ኛው መቶ ዓመት ተክሉን ወደ ፊሊፒን ደሴቶች አሻገሩት። በ1593 ቸን ዠንሎንግ የሚባል የፉጂያን ነጋዴ ሐረጉን ከሉዞን ደሴት ይዞ ወደ ቻይና ተመለሰ፤ በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፥ ጠባቂዎች እንዳያገኙበት ከመርከብ ገመድ ጋራ ገምዶት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በፉጂያን ረኃብ ስለ ገባ፥ አገረ ገዢው ጂን ሹዌዘንግ ሕዝቡ እንዲተክለው አደረገ። በ1605 ኖጉኒ ሶካን ከፉጂያን ወደ ሪዩኪዩ ደሴቶች ወሰደው፤ ጊማ ሺንጆ የተባለ ሹምም አባዝቶ በደሴቶቹ አሠራጨው። ከመቶ ዓመት በኋላ፥ በ1705፥ ማዬዳ ሪዬሞን የሚባል የባሕር ሰው ከሪዩኪዩ በደቡብ ጃፓን ወዳለው ወደ ሳትሱማ ግዛት አመጣው።

በዚህ ጉዞ ውስጥ የስሞቹ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የሳትሱማ ሰዎች ተክሉን «የቻይና ድንች» ሲሉት፥ ከሳትሱማ የተቀበሉት የቀሩት ጃፓናውያን ደግሞ «የሳትሱማ ድንች» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በተፈጠረበት አገር ሳይሆን፥ ባቀበለው ጎረቤት ነው። ከእጅ ወደ እጅ ካልሆነ በቀር ሊጓዝ የማይችል ተክል መሆኑን ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

በ1732 በምዕራብ ጃፓን ዝናብ ከመጠን ዐልፎ ወረደ፤ ተባይም በሩዝ አዝመራ ላይ ተነሣ። ከዚህም የተነሣ የኪዮሆ ረኃብ ተብሎ የሚታወቀው መከራ መጣ። በዚያ ዓመት በኢዮ ግዛት ከተፈጸመው ነገር ሁለት ታሪኮች እስከ ዛሬ ይነገራሉ። አንደኛው የገበሬው የሳኩቤ ታሪክ ነው። ሳኩቤ ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀመጠውን ዘር ከሚበላ መራብን መርጦ፥ የዘር ከረጢቱን እንደ ተንተራሰ ሞተ፤ ዘሩ ግን ለመንደሩ ተረፈ። ሁለተኛው የአሳሚ ኪቺጁሮ ታሪክ ነው። ይህ ሰው የኦሚሺማ ደሴት ተወላጅ ሲሆን፥ በ1711 ለመንፈሳዊ ጉዞ ወጥቶ ሳትሱማ ሲደርስ ስኳር ድንች አገኘ። ግዛቲቱ ተክሉ እንዳይወጣባት ትከለክል ስለ ነበረ፥ በስውር ይዞ ወደ ደሴቱ ተመለሰ። በአካባቢው እንደሚነገረው፥ የ1732ቱ ረኃብ በመጣ ጊዜ በኦሚሺማ በረኃብ የሞተ ሰው አልነበረም፤ የደሴቱ ሰዎችም ለመታሰቢያው የድንጋይ ምስል አቁመውለታል።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች የሁለት ዓይነት አዝመራ ጠባይ ይገልጣሉ። እህል በከረጢት ውስጥ ሆኖ ባለቤቱን ይጠብቃል፤ ሰውም አንድ ጊዜ በሚያደርገው ታላቅ ቈራጥነት ሊያድነው ይችላል። የኪቺጁሮን ተክል ግን ማንም ተንተርሶ ሊያድነው አይችልም ነበር። እርሱ ከተመለሰበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ረኃቡ ዓመት ድረስ ሃያ ክረምት ያህል ዐልፏል፤ በእነዚያ የብርድ ወራት ሁሉ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ሥሩን ከብርድ ባይሸሽጉ፥ በየጸደዩም ባያበቅሉት ኖሮ፥ የእርሱ መልካም ሥራ በሁለተኛው ዓመት ተረስቶ ይቀር ነበር።

ከረኃቡ በኋላ፥ በ1735፥ ሾጉኑ ዮሺሙኔ ዐዋቂውን አዎኪ ኮንዮን አዝዞ ተክሉ በኤዶ ከተማ በኮይሺካዋ የተክል ስፍራ እንዲሞከር አደረገ። የኤዶ ብርድ ከሳትሱማ ብርድ የበረታ ስለ ሆነ፥ ዋናው ነገር ብርዱን ማሳለፍ ነበር። በእንደዚህ ያለ አገር የሚሠራበት ዘዴ የሚከተለው ነው። በመከር ጊዜ ሳይቈስል የተቈፈረ ሥር ተመርጦ፥ ውርጭ በማይደርስበት ጉድጓድ ውስጥ በገለባ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ብርዱ ሲያልፍ የረገፈ ቅጠልና ገለባ ከፍግ ጋራ በመደብ ላይ ይደለደላል፤ ይህም ሲብላላ ሙቀት ያወጣል። ሥሩ በዚያ ላይ ይጋደምና ሳሳ ያለ አፈር ይለብሳል። መደቡ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሞቅ፥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ቡቃያው ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ይረዝማል። ከአንድ ሥር ዐሥርና ከዚያ በላይ ቡቃያ በየተራ ይነሣል። እያንዳንዱ ቡቃያ ሁለት ወይም ሦስት አንጓው ከአፈር እንዲገባ ተደርጎ፥ በጉብታ ላይ በ30 ሳንቲሜትር ያህል ርቀት ይተከላል፤ ከአራት እስከ አምስት ወር ባለው ጊዜም ለምግብ ይደርሳል።

ይህን ዘዴ የፈለሰፈው አንድ ሕዝብ ብቻ አይደለም። ማዎሪዎች፥ ኤውሮፓውያን ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፥ ከሞቃቶቹ የፖሊኔዥያ ደሴቶች ወደ ኒው ዚላንድ ሲሻገሩ «ኩማራ» የሚሉትን ይህንኑ ተክል ይዘው ነበር። በቀድሞ አገራቸው ሐረጉ ዓመቱን ሙሉ ያድግ ነበር፤ በአዲሱ አገር ግን ብርዱ ያጠፋው ጀመር። እነርሱም ሥሩን «ሩዋ» በሚባል የተከደነ ጉድጓድ ማስቀመጥን፥ «ታፓፓ» በሚባል መደብ ማጐንቈልን፥ አፈሩ እንዲሞቅ አሸዋና ጠጠር መቀላቀልን ለመዱ። ተክሉን የሮንጎ አምላክ ስጦታ አድርገው ስለሚያዩት፥ ተከላውና መከሩ በሥርዐት የተጠበቀ ነበር። በሩቅ ባሕር የተለያዩ ሁለት ሕዝቦች አንድ ዐይነት ችግር ስለ ገጠማቸው ወደ አንድ ዐይነት መፍትሔ ደርሰዋል።

በደቡብ ኢትዮጵያ ይህን ተክል የሚያጠፋው ብርድ ሳይሆን ፀሓይ ነው። በወላይታ ፍግ የሚለብሰው የቤቱ ዙሪያ ለእንሰት ሲሰጥ፥ ስኳር ድንች አብዛኛውን ጊዜ ራቅ ባለው ማሳ ይተከላል። በክረምቱ ማብቂያ የተተከለው፥ ጎተራ በሚራቈትበት በበልግ ወራት ለምግብ ይደርሳል። ሥሩ ለሰው፥ ሐረጉ ለከብት ነው። ዝናብ በማይኖርባቸው ወራት ጥቂቱ ሐረግ በእንሰት ጥላ ሥር ወይም በወንዝ ዳር እርጥበት ባለው ስፍራ ተጠብቆ ይቈያል። ዝናቡ ከቀረ ግን ሥሩ ተቈፍሮ ያልቃል፥ ሐረጉም ይደርቃል ወይም በከብት ይበላል። በ2008 በደቡብ ኢትዮጵያ ዝናብ በመቅረቱና የስኳር ድንቹ አዝመራ በመጥፋቱ ብርቱ ረኃብ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ረኃቡ ሁለተኛ ጉዳት ያስከትላል፤ ዝናቡ ተመልሶ መሬቱ ሲለሰልስ የሚተከል ሐረግ አይገኝም። የእህል ዘር ከሩቅ አገር በመኪና ሊመጣ ይችላል፤ ሐረግ ግን በመንገድ ይጠወልጋል። ከሌላ ስፍራ የመጣውም ሐረግ የተክል በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ የታመመ ሐረግ በሽታውን ለሚቀጥለው ተክል ያወርሳልና።

ከዚህም የተነሣ በቅርብ ዘመን በኡጋንዳና በታንዛኒያ የተሞከረ፥ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያም የገባ አንድ ዘዴ አለ። ጤናማ ሥር ተመርጦ በቤት ውስጥ በደረቅ አሸዋ ይቀመጣል፤ ዝናብ ከመድረሱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብሎ በጓሮ መደብ ይተከልና ውሃ ይጠጣል። ከ40 ሥሮች 1,500 ያህል የሚተከል ቍራጭ ሊገኝ ይችላል። ዘዴው እንደ አዲስ ቢቈጠርም፥ መሠረቱ የማዎሪዎች ጉድጓድና የጃፓን ገበሬዎች መደብ ነው፤ ልዩነቱ እነዚያ ከብርድ ሲሸሽጉ እነዚህ ከድርቅ መሸሸጋቸው ብቻ ነው።

እንግዲህ የሕዝቦችን ኑሮ የሚመረምር ተማሪ ወደ አንድ የስኳር ድንች አገር በደረሰ ጊዜ፥ ተክሉ መቼ መጣ ብሎ መጠየቁ ተገቢ ቢሆንም አይበቃም። ሐረጉ የድርቁን ወራት በማን ጓሮ ያሳልፋል፤ ያጣ ሰው ከማን ይጠይቃል፤ ያለው ለጠየቀው መስጠት ግዴታው ነውን፥ ወይስ ይሸጥለታል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እህል አምራች የሆነ ሕዝብ ሀብቱን በጎተራው ብዛት ይቈጥራል። ስኳር ድንች በሚተከልበት አገር ግን፥ በበጋው መጨረሻ ከአንድ ጎጆ ኋላ አንድ ክንድ በማይሞላ መደብ ላይ ለምልሞ የሚታየው ሐረግ የመንደሩ ጎተራ ነው።