ከሞስኮ በብር የተመለሱት ሴት ተማሪዎች

በነሐሴ ወር 1965 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር 1973፣ ከልዩ ልዩ የአሜሪካ ኮሌጆች የተውጣጡ ወጣት ሴቶች ለዓለም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጨዋታ ሞስኮ ገቡ። አሜሪካ በዚህ ውድድር የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ስታሰልፍ የመጀመሪያዋ ነበር። ወርቁን ሶቪየት ኅብረት ወሰደች። የሁለቱ ቡድኖች ልዩነት እጅግ ሰፊ ስለነበር በመጨረሻው ጨዋታ ማን ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ ብዙም አላከራከረም። አሜሪካውያኑ ብር ይዘው ተመለሱ።

በአሜሪካ ሴቶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ ውስጥ ይህ ብር ከኋላው ከመጡት ብዙ ወርቆች ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት መነሻው ከሞስኮ በፊት ካሉት ሃያ ዓመታት ነው።

የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና በ1953 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው) ቺሊ ውስጥ ሲካሄድ ዋንጫውን ያነሳችው አሜሪካ ነበረች። በ1957 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይም ሶቪየት ኅብረትን 51 ለ 48 አሸንፋ ደገመችው። ከእነዚያ ሻምፒዮኖች ብዙዎቹ ግን የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች አልነበሩም። በዘመኑ ለሴቶች ጠንካራ ቡድን የሚያቋቁሙት በአብዛኛው ድርጅቶች ነበሩ። በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የሄንስ የካልሲ ፋብሪካ ቡድን 102 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፏል። ከሁሉ የገነነው ደግሞ ናሽቪል ቢዝነስ ኮሌጅ ነው። ስሙ ኮሌጅ ይባል እንጂ የጽሕፈትና የንግድ ሙያ ማሰልጠኛ ነበር፤ ቡድኑም የሚተዳደረው በባለቤቱ ገንዘብ ነው። የ1957ቱ የዓለም ሻምፒዮና ኮከብ ኔራ ዋይት የዚህ ቡድን ተጫዋች ነበረች። የምትማርበት ኮሌጅ የሴቶች ቡድን ስላልነበረው ኳሷን እዚያ ትጫወት ነበር። በዘመኗ ከነበሩት ሁሉ የላቀች ተጫዋች በትምህርት ቤቷ ማሊያ አንድም ቀን ለመጫወት አለመቻሏ የዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ስፖርተኛ የነበራቸውን ግምት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ድርጅቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሄንስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ቡድኑን በተነ። ናሽቪል ቢዝነስ ኮሌጅ ስምንት ተከታታይ ብሔራዊ ዋንጫ ካነሳ በኋላ በ1969 አቆመ። የሚተካቸው አልነበረም። መዳከሙ በዓለም ሻምፒዮና ሰንጠረዥ ላይም ታየ፤ የሁለት ጊዜ ባለ ዋንጫዋ አገር በ1967 አሥራ አንደኛ፣ በ1971 ደግሞ ስምንተኛ ወጣች።

ሌላ ችግርም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሴት ተማሪዎች ይጫወቱት የነበረው ቅርጫት ኳስ የተቀረው ዓለም ከሚጫወተው የተለየ ነበር። በአንድ ቡድን ስድስት ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ሜዳው ለሁለት ይከፈላል፤ ሦስቱ ተከላካዮች በራሳቸው አጋማሽ፣ ሦስቱ አጥቂዎች በተቃራኒው አጋማሽ ብቻ ይቆያሉ፤ መሐል መስመሩን መሻገር አይፈቀድም። ኳስ ማንጠርም በቁጥር የተገደበ ነበር። የክልከላው ምክንያት፣ ሴት ልጅ ሙሉ ሜዳ ብትሮጥ ልቧ አይችለውም የሚል ነው። ይህን ያሉት በየትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ላይ የነበሩ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ሴቶች አስተማሪዎችም ነበሩባቸው።

ይህን እምነት በማስረጃ ከሞገቱት መካከል አንዷ በኢሊኖይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበረችው ጂል ሃቺሰን ናት። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሴቶች በአምስት ተጫዋች፣ በሙሉ ሜዳ ሲጫወቱ የልባቸውን ምት እየለካች ጥናት አደረገች። ልባቸው ምንም አልሆነም። ከ1971 ጀምሮ የኮሌጅ ሴቶች የሚጫወቱበት ሕግ አምስት ለአምስት ሆነ። እንግዲህ ሞስኮ የሄዱት ልጆች ብዙዎቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩት የስድስት ሰው ጨዋታ ነበር ማለት ነው። ዓለም ሲጫወተው የኖረውን ኳስ በኮሌጅ ደረጃ በደንቡ ከጀመሩት ገና ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው።

ገንዘብም አልነበረም። በ1972 በዚያው በኢሊኖይ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዲስ የተቋቋመው የሴቶች ኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሻምፒዮና አዘጋጀ፤ አዘጋጇም ሃቺሰን ነበረች። ዋንጫውን የወሰደው ኢማኩላታ የተባለ፣ በፊላዴልፊያ አቅራቢያ የሚገኝ በዚያን ጊዜ የሴቶች የነበረ ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ ነው። ተማሪዎቹ የጥርስ ብሩሽ ሸጠው የመጓጓዣ ገንዘብ አጠራቀሙ፤ የተገኘው ስላልበቃ ከተጫዋቾቹ ስምንቱ ብቻ ሄዱ፤ በአውሮፕላኑ ላይ ባዶ ወንበር ሲገኝ ብቻ በሚሳፈሩበት ቲኬት ተጉዘው ሻምፒዮን ሆነው ተመለሱ። ይህ የሆነው በመጋቢት ነው። በሰኔ ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን ታይትል ናይን ተብሎ በሚታወቀው ሕግ ላይ ፈረሙ። ሕጉ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኝ ማንኛውም የትምህርት ተቋም ውስጥ በጾታ ማዳላትን ይከለክላል። በጽሑፉ ውስጥ ስፖርት የሚል ቃል አልተጠቀሰም። ስፖርትን እንዴት እንደሚመለከት የሚዘረዝረው ደንብ የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የ1973ቱ ቡድን የተሰበሰበው ሕጉ ተፈርሞ ገና ምንም ባልተለወጠበት ጊዜ ላይ ነበር። አሰልጣኟ ጂል አፕተን ከሁለት ዓመት በፊት የሚሲሲፒ የሴቶች ኮሌጅን ለብሔራዊ ዋንጫ ያበቃች ናት።

ሞስኮ ላይ የጠበቃቸው ሌላ ዓለም ነው። ሶቪየት ኅብረት በዚያን ወቅት የ1980ውን ኦሊምፒክ ለማዘጋጀት ትፎካከር ስለነበር ውድድሩን እንደ ትልቅ መመዘኛ ነበር የያዘችው። የተማሪዎች ጨዋታ ደንብ የዕድሜ ጣሪያውን ወደ ሃያዎቹ መጨረሻ ያደርሰው ስለነበር ሶቪየቶች ከዋናው ብሔራዊ ቡድናቸው የተመረጡትን ማሰለፍ አላቃታቸውም። በመካከላቸው ኡልያና ሴሚዮኖቫ ነበረች።

ስለ ሴሚዮኖቫ ቆም ብሎ መናገር ይገባል። በ1952 ላትቪያ ገጠር የተወለደችው ይህች ልጅ ቁመቷ ከ2 ሜትር ከ10 በላይ ነበር። በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ወደ ሪጋ መጥታ ቴቴቴ ለሚባለው ክለብ መጫወት ጀመረች። ክለቡ የከተማዋ የትራምና የትሮሊባስ መሥሪያ ቤት ቡድን ነበር፤ እኛ ንግድ ባንክ፣ መብራት ኃይል እንደምንለው ያለ መሆኑ ነው። ከዚህ ክለብ ጋር አሥራ አንድ ጊዜ የአውሮፓ ክለቦችን ዋንጫ አነሳች፤ በብሔራዊ ቡድን ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ፣ ሦስት የዓለም ዋንጫ አገኘች። ለሶቪየት ኅብረት በተሰለፈችባቸው አሥራ ስምንት ዓመታት በትልልቅ ውድድሮች አንድም ጨዋታ አልተሸነፈችም። ተቃዋሚዎቿ ቁመቷን ብቻ እያነሱ ማሳነሳቸው ፍትሕ አልነበረም። እጆቿ ለስላሳ ነበሩ፤ ኳስ የምታቀብልበትን ጊዜ ታውቅ ነበር፤ ዙሪያዋን ያሉት ጓደኞቿም ለዓመታት አብረዋት የሠሩ ናቸው። አሜሪካ ድርጅቶቿ ሲለቁት የጣለችውን ነገር ሪጋ ውስጥ አንድ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሳይለቅ ይዞት ኖሯል።

ለጥቂት ሳምንታት ብቻ አብረው የተለማመዱት የአሜሪካ ተማሪዎች ይህን ቡድን ማሸነፍ አይችሉም ነበር። ሌሎቹን አሸንፈው ሁለተኛ መውጣታቸው ግን በዓለም ሻምፒዮና ስምንተኛ ለሆነች አገር ቀላል ውጤት አልነበረም። በተማሪዎች ጨዋታ የሽልማት ሥነ ሥርዓት ላይ የአሸናፊው አገር ብሔራዊ መዝሙር አይዘመርም፤ በምትኩ ጋውዲያሙስ የተባለው የቆየ የላቲን የተማሪዎች መዝሙር ይሰማል። ይህ ልማድ ከ1959ኙ የቱሪን ጨዋታ ጀምሮ የመጣ ነው። ሶቪየቶቹም አሜሪካኖቹም የሰሙት ያንኑ አንድ መዝሙር ነው።

ከብሩ ሜዳሊያ ባለቤቶች አንዷ የሃያ አንድ ዓመቷ ፓት ሄድ ነበረች፤ በኋላ በትዳር ስሟ ፓት ሳሚት ተብላ የታወቀችው። ከሴሚዮኖቫ ጋር በአንድ ዓመት ተወልደዋል። ያደገችው በቴነሲ የገበሬ ቤት ነው። በሰፈሯ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን ስላልነበረ ቤተሰቧ እሷ እንድትጫወት ብሎ ወደ ሌላ አካባቢ ቤቱን አዛወረ። ከሞስኮ በተመለሰች በወራት ውስጥ የጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዳት የጨዋታ ዘመን ማብቂያ ነበር። እሷ ግን ማገገሟን ሳትጨርስ በ1974 በ22 ዓመቷ የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ዋና አሰልጣኝ ሆነች።

ደመወዟ በወር 250 ዶላር ነበር። የቡድኑን ማሊያ የምታጥበው፣ ቡድኑን የሚያጓጉዘውን መኪና የምትነዳው እሷ ራሷ ናት። ማሊያዎቹ የተገዙት ቀደም ሲል ዶናት ተሸጦ በተገኘ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያ ጨዋታዋን በአንድ ነጥብ ተሸነፈች። በዚሁ መሐል ማስተርሷን ትማራለች፣ ታስተምራለች፣ ለኦሊምፒክ ራሷን ታዘጋጃለች። ሞስኮ ላይ ያየችውን የአካል ብቃትና የዝግጅት ልዩነት ጠብቃ ይዛው ነበርና ተጫዋቾቿን የምታሠራው ልምምድ በጥንካሬው ስም አወጣ። በቴነሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሳይጠፋ የቆየውን የስድስት ሰው ጨዋታም አጥብቃ ተቃወመች፤ በግማሽ ሜዳ ያደገች ልጅ ከዓለም ጋር እኩል መጫወት እንደማትችል በራሷ አይታዋለችና። ክፍለ ግዛቱ ያን ሕግ የተወው በ1979 ነው።

በ1976 የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሞንትሪያል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ስፖርት ሲሆን የተወዳደሩት ስድስት ቡድኖች ብቻ ናቸው። የዳነ ጉልበቷን ይዛ ፓት ሄድ ከአሜሪካ ቡድን ሁለት አምበሎች አንዷ ሆና ተሰለፈች። በኦሊምፒክ የሴቶች ቅርጫት ኳስ የመጀመሪያውን ነጥብ ያስቆጠረችው ከሚሲሲፒ የመጣችው የዴልታ ስቴት ተማሪ ሉሲያ ሃሪስ ናት። ሶቪየት ኅብረት አሜሪካን 112 ለ 77 አሸነፈች። ውጤቱ አሁንም ብር ነበር።

ልዩነቱ የጠበበው ቀስ በቀስ ነው፤ የጠበበውም ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው። የታይትል ናይን ደንብ ሥራ ላይ ሲውል ለሴቶች ስኮላርሺፕ መጣ፣ ሙሉ ደመወዝ ያለው አሰልጣኝ መጣ፣ የልምምድ ሰዓት መጣ። ይህ የተገኘው በልመና ሳይሆን በሕግና በክርክር መሆኑን መርሳት አይገባም። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ያደረጉትን ያደረጉት ተገድደው ነው። በ1983 የተማሪዎች ጨዋታ ካናዳ ኤድመንተን ላይ ሲካሄድ አሜሪካ ወርቁን ወሰደች። አሰልጣኟ ያቺው ጂል ሃቺሰን ነበረች፤ የሴት ልብ ሙሉ ሜዳ እንደሚችል በመለኪያ ያረጋገጠችው። በሚቀጥለው ዓመት ሶቪየቶች ባልተገኙበት የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አሜሪካ ወርቅ ስታገኝ አሰልጣኟ ፓት ሳሚት ነበረች።

ሶቪየቶች ስላልመጡ ነው የሚለው ክርክር የተዘጋው በ1986 ሞስኮ ላይ ነው። በሐምሌ በተካሄደው የጉድዊል ጨዋታ በኬይ ያው የሚመራው የአሜሪካ ቡድን ሶቪየት ኅብረትን በገዛ ሜዳዋ 83 ለ 60 ረታ። ሶቪየቶች በትልልቅ ውድድሮች ከ1958 ጀምሮ ሳይሸነፉ የቆዩበት ዘመን በዚያ ምሽት አበቃ። በቀጣዩ ወር በዚያው ከተማ በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ 108 ለ 88 ደገሙት። ያን ቡድን ያሟሉት በዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ የተማሩ ሴቶች ናቸው፤ የካልሲ ፋብሪካ ሠራተኞች አልነበሩም፤ የጥርስ ብሩሽ ሸጠውም አልመጡም። ከተማሪዎቹ ብር እስከዚያ ምሽት ያለው አሥራ ሦስት ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ የተማሪዎች ጨዋታ ቡድን የትልልቆቹ መፈልፈያ ሆነ። በ1991 ሼፊልድ እንግሊዝ ላይ ወርቅ ያገኘውን ቡድን ያሠለጠነችው ታራ ቫንደርቪር ናት፤ ከተጫዋቾቿ መካከል ዶን ስቴሊና ሊሳ ሌስሊ ነበሩ። በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ ሦስቱም ወርቅ አነሱ። በኋላም ከ2005 እስከ 2015 ባሉት ዓመታት አሜሪካ በተደጋጋሚ የተማሪዎች ጨዋታ ወርቅ ወሰደች። ስለ እነዚህ ወርቆች ብዙ የምለው የለኝም፤ ያለ ከባድ ተጋጣሚ የተገኘ ድል ለታሪክ ጸሐፊ ብዙ አይሰጥም።

ኔራ ዋይትና ሉሲያ ሃሪስ በ1992 በስፕሪንግፊልድ የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ በተጫዋችነት የገቡ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት ሴሚዮኖቫ ከአሜሪካ ውጪ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ገባች። የማሊያ አጣቢዋ አሰልጣኝ ፓት ሳሚት ለ38 ዓመታት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቆይታ 1,098 ጨዋታዎችን አሸነፈች፣ ስምንት ብሔራዊ ዋንጫ አነሳች፤ በ2011 አልዛይመር እንዳለባት ለሕዝብ አሳወቀች፤ በ2016 በ64 ዓመቷ አረፈች። በእሷ ሥር የጨዋታ ዘመናቸውን የጨረሱት ተጫዋቾች በሙሉ ዲግሪያቸውን ይዘው ወጥተዋል።