እንዶድ፦ ከአድዋ ወንዝ እስከ ቶሊዶ

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ የወረዱት የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድጉ ቀንድ አውጣዎችን ፍለጋ ነበር። ከአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን የያዙት በዚያው ዓመት ነው። ወንዙን እየተከተሉ ሲሄዱ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ውኃው ላይ ተንሳፍፈው አዩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። አክሊሉ ከወንዙ ራስጌ ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች ለቅመው ዕቃ ውስጥ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋው ጥቂት ጠብ እንድታደርግላቸው ለመኑ። ቀንድ አውጣዎቹ ተኮማተሩ፤ ደሙ፤ ሞቱ።

እንዶድን የማያውቅ አበሻ ጥቂት ነው። ትግሬው ሽብቲ ይለዋል። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ሳሙና ገበያውን ከማጥለቅለቁ በፊት የእናቶቻችንን ሸማ ሲያነጣ የኖረው እሱ ነው። ስንት ሰው በዚያ ወንዝ ዳር አልፏል! አክሊሉ ግን ቆመው አዩ፤ አይተውም ጠየቁ። ለእኔ ሳይንስ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ነጭ ካፖርትና ማጉያ መሣሪያው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ቀንድ አውጣ መግደል ለምን አስፈለገ? የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስቶ ወደ ደም ሥሩ ይዘልቃል። ሰውየው ቢታከም እንኳ ነገ ልብሱን ሊያጥብ፣ ከብቱን ሊያጠጣ ወደዚያው ውኃ ይመለሳል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ለዚህ ሥራ የሚውለው ኬሚካል ከውጭ በውድ የውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ እንዶድ ከአጥር ሥር በነፃ ይበቅላል።

አክሊሉ በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አቋቋሙ። ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት የእንዶድ ገዳይ ንጥረ ነገር ተለይቶ ሲወጣ በስማቸው ሌማቶክሲን ተባለ። ዋናው ፈተና ግን አድዋ ላይ ነበር። እዚያ ወንዞቹን ለአምስት ዓመታት በእንዶድ ሲያክሙ ከቆዩ በኋላ ሕዝቡን ሲመረምሩ፣ በበሽታው የተያዘው ሰው ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወርዶ አገኙት። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ! አዲስ የሚያዙት እነሱ ስለሆኑ፣ እውነተኛው ምስክር የሕፃናቱ ቁጥር ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ስማቸው ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፈው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ናቸው። የእንዶድ ዘር ሁሉ እኩል አይገድልም፤ ምርቱም እኩል አይደለም። ለገሠ ከየአካባቢው የተሰበሰበውን ዘር እያለሙ፣ እያነጻጸሩ ዓመታት ፈጁ። እንዶድ 44 የተባለው ምርጥ ዘር የዚህ ትዕግሥት ውጤት ነው። ያለዚህ ሥራ የአድዋው ግኝት ወሬ ሆኖ በቀረ ነበር።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ደጁ አልተከፈተም። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፍ መለኪያን ያሟላ የመርዛማነት ጥናት ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። የሚያንገበግበው ያንን ጥናት እዚሁ ሠርቶ ማሳመን አለመቻሉ ነው። ጥናቱ የተጠናቀቀው በ1990፣ በካናዳ ድጋፍ፣ ከአድዋው ቀን 26 ዓመት ቆይቶ ነው። እስከዚያ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ወጥቶ የዓለም ትኩረት ወደዚያ ዞሯል። አክሊሉ ባደጉት አገሮች ያሉ ብዙ ሳይንቲስቶችና ድርጅቶች ጥሩ ሳይንስ ከእኛ ዘንድ ሊመጣ መቻሉን መቀበል እንደሚከብዳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። ይህን ያሉት ማስረጃ በእጃቸው ይዘው ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር አለ፦ ለተመራማሪዎቻችን ዲግሪ የሰጠነውን ያህል የተሟላ ቤተ ሙከራ አልሰጠናቸውም፤ ስለዚህ ለመጨረሻው ማረጋገጫ ሁልጊዜ የሰው ደጅ ይጠናሉ።

ክብሩ ቀድሞ የመጣው ከስዊድን ነው። አክሊሉና ለገሠ በ1989 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ አክሊሉ በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ ጎራ አሉ። በዚያ ጊዜ የአሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ ሙስል የሚባል ባለ ዛጎል የውኃ ፍጡር ወርሯቸው ነበር፤ የከተማና የፋብሪካ የውኃ ቧንቧ ላይ እየተጣበቀ ይደፍናል። እንዶድ ተሞከረበት፤ ሞተ።

በኦክቶበር 1993 ለዚህ አጠቃቀም የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። ከፈልሳፊዎቹ መካከል የአክሊሉ ስም አለ፤ ባለመብቱ ግን ዩኒቨርሲቲው ነው። አገሮች በዕፅዋታቸውና በእንስሶቻቸው ሀብት ላይ ያላቸውን ሉዓላዊ መብት የሚያውቀው የብዝኃ ሕይወት ስምምነት በሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ማብቂያ ላይ ነው። እንዶድን ለጥቂት ሳምንታት ሳይደርስለት ቀረ።